አንዲት ዶሮ ስትታመም ማን ያክማታል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ዶሮ እርባታ በጋዜጣችሁም ሆነ በሌሎች መገናኛ ብዙኃን በየጊዜው የሚቀርቡትን ጽሑፎች በትኩረት እከታተላለሁ። የሚጻፈው ሁሉ ግን በመቶና በሺህ ስለሚቆጠሩ ዶሮዎች፣ ስለ መኖ ዋጋ መናርና ስለ እንቁላል ገበያ ነው። በመሀል ከተማ፣ በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር አንዲት ዶሮ ስትታመም ባለቤቷ ምን ማድረግ እንደሚገባው፣ ወዴት ይዟት እንደሚሄድና ማን እንደሚያክማት የሚነግር ጽሑፍ እስካሁን አላጋጠመኝም። ጉዳዩ ለብዙ ሰው ትንሽ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ትንሽ ነው ብዬ አላምንም። ለአንዲት ዶሮ የሚሆን ሕክምና በከተማችን መኖር አለበት፣ ሕክምናው እስኪገኝም ባለቤቷ በቤቱ ሊያደርግላት የሚገባ ነገር አለ እላለሁ።

በመጀመሪያ እንዲህ ያሉ ብቸኛ ዶሮዎች በከተማው መሀል እየበዙ መምጣታቸውን ልብ እንበል። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ ከሆነ ወዲህ በአዲስ አበባም ብዙ ቤተሰቦች ቄብ ዶሮዎችን ወደ ግቢያቸው አስገብተዋል። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ በበሽታ ያልቃሉ፣ አንዳንዶቹ ለበዓል ይታረዳሉ፣ በመጨረሻም አንዲት ትቀራለች። በሌላ በኩል ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳና ከካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች ተነሥተው ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የገቡ ጎረቤቶቻችን ዶሮዎቻቸውን ይዘው ፎቅ መውጣት ስላልቻሉ ወይ ሸጠዋቸዋል፣ ወይ ለቀሪው ጎረቤት ሰጥተዋቸዋል። የእኔም ገብስማ ዶሮ ወደ እኔ የመጣችው በዚሁ መንገድ ነው። ልጆቻቸው በእጃቸው ጥሬ እያጎረሱ ያሳደጓት ናትና እንዳትታረድ ቃል አስገብተውኝ ሄዱ፤ እኔም ቃሌን ጠብቄአለሁ።

ዶሮ ስትታመም በሰፈራችን በመጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ሳትበክት እረዷት» የሚል ነው። የክርስትናም ሆነ የእስልምና ተከታይ የሆነው ወገናችን በክት ስለማይበላ፣ ገንዘቡ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ሲል ይህን ማለቱን እረዳለሁ፤ ምክሩን የሚሰጡኝም የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የታመመች ዶሮን በችኮላ ማረድ ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ዶሮዋን የያዛት ፈንግል የተባለው ተላላፊ የዶሮ በሽታ ከሆነ፣ ላባዋ፣ ደሟ፣ አንጀቷና የታጠበችበት ውኃ በሽታውን ይዞ ከግቢ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ጎረቤት ዶሮ ያደርሰዋል። ሕመሟ ሳልሞኔላ በተባለ ባክቴሪያ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሥጋውን የሚበልተውን ሰው ጭምር ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት ዶሮዋ ምን እንደሆነች ማወቅ ለሰውም፣ ለጎረቤትም፣ ለራሷም ይበጃል።

ምን እንደሆነች ማወቅ ግን ቀላል አይደለም። ዶሮ አዳኝ ደካማዋን መርጦ እንዳይነጥቃት በተፈጥሮዋ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ላባዋን ነፍታ፣ ራሷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራ፣ ዓይኗን ከድና ጥግ ይዛ ስትቆም ካየናት ሕመሙ የጀመረው ዛሬ አይደለም ማለት ነው። ብዙ ዶሮዎች ያሉት ሰው አንዷ ከመንጋው ስትለይ ወዲያውኑ ያውቃል፤ አንድ ብቻ ያለችው ሰው ግን የሚያነጻጽርበት ስለሌለው የዕለት ልማዷን ማወቅ ይጠበቅበታል። በየማለዳው የምመለከተው ነገር አለ፦ በአናቷ ላይ ያለው ሥጋ ቀልቷል ወይስ ነጥቷል፣ ኩሷ ምን ይመስላል፣ የደረቷ አጥንት በእጅ ሲዳሰስ ሾሏል ወይስ በሥጋ ተሸፍኗል። ደህና ኩስ ጠጠር ብሎ በላዩ ነጭ ነገር አለው። በቀን ጥቂት ጊዜ የሚወርደው ቡናማ፣ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ኩስም የተለመደ ስለሆነ ሊያስደነግጥ አይገባም። ደም የተቀላቀለበት ከሆነ ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን የአንጀት በሽታ ያስጠረጥራል፤ አረንጓዴና ውኃ የመሰለ ሲሆን ዶሮዋ ምግብ ማቆሟን ወይም ከዚያ የከፋ ነገር መምጣቱን ያመለክታል።

ሕመም የሚመስል ነገር ሁሉም ሕመም እንዳልሆነም መናገር ይገባል። እንቁላል ለመታቀፍ የፈለገች ዶሮ ጎጆዋ ላይ ተዘርግታ ትውላለች፣ ምግብ ትቀንሳለች፣ ሰው ሲጠጋት ላባዋን አቁማ ትቆጣለች፤ ይህቺ ጤነኛ ናትና ቁልቁል ማንጠልጠልና ማሠቃየት አያስፈልግም። ላባዋን የምትቀይርበት ወቅትም አለ፤ በዚያን ጊዜ መልኳ ያሳዝናል፣ እንቁላልም ታቆማለች፣ ነገር ግን የሚያስፈልጋት ጥሩ ምግብ ብቻ ነው። በአንጻሩ ጭራዋን ጥላ፣ እንደምታምጥ ሆና ቀጥ ብላ የቆመች ዶሮ እንቁላል ውስጧ ተይዞባት ሊሆን ስለሚችል ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ከወገቧ በታች ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያም አድርቆ ጨለም ባለና ሞቅ ባለ ቦታ ማሳረፍ ይጠቅማታል፤ በዚህም ካልወጣላት በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያት ይገባል።

የእኔ ዶሮ የታመመችው በክረምት ነበር። በልታ የማትጠግብ ትመስላለች፣ ነገር ግን እየከሳች ሄደች። በአንገቷ ሥር፣ ከደረቷ በላይ ያለው የእህል መያዣ ከረጢት ማታ በልታ ስትተኛ መሙላቱ ያለ ነው፤ ጠዋት ከመብላቷ በፊት ግን ባዶና ልል ሆኖ መገኘት ይኖርበታል። የእርሷ ጠዋትም ማታም እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነበር። በካርቶን አድርጌ ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ስወስዳት የተሰጠኝ መልስ «እኛ የምናየው ውሻና ድመት ነው፤ ለሕክምናዋ በምታወጪው ገንዘብ ሌላ ዶሮ ግዢበት» የሚል ሆነ። ከዚያ የሄድኩበት መድኃኒት ቤት ደግሞ ዶሮዋን እንኳ ከካርቶኑ አውጥቶ ሳያይ በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት አቀረበልኝ። ለምን በሽታ እንደሆነ ስጠይቅ «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። ለሁሉም የሚሆን መድኃኒት እንደሌለ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም፤ ሳልገዛ ወጣሁ።

በመጨረሻ የረዳኝ በዘመድ በኩል የተገናኘሁት አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው። ከረጢቱን በጣቶቹ ቀስ ብሎ እየዳሰሰ «እማማ፣ ይህ እህል አይደለም» አለኝ። በመጀመሪያ ጥቂት የምግብ ዘይት በምንቃሯ ጎን እያንጠባጠበና ከረጢቱን እያሸ ሞከረ፤ አልተፈታም። ከዚያ ላባዋን ነቅሎ፣ ቆዳዋን አጽድቶና አደንዝዞ በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ከፈተው። ከውስጡ የወጣው እርስ በርሱ ተገምዶ የእንቁላል ያህል የሆነ የማዳበሪያ ክር፣ የፌስታል ቁራጭና የደረቀ ሣር ነበር። ከረጢቱን ለብቻው፣ ቆዳውን ለብቻው ሰፍቶ ዘጋው። እስክታገግም ድረስ በውኃ የራሰ መኖና የተፈጨ ቅቅል እንቁላል ብቻ በትንሽ በትንሹ እንድሰጣት አዘዘኝ። ዶሮዋ ዛሬ ደህና ናት። ማንም ሰው ግን ይህን አንብቦ በቤቱ በምላጭ እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ፤ ከረጢቱ ልል ሆኖ ውኃ የሞላው ከሆነና አፏ የሚሸት ከሆነም ቁልቁል ዘቅዝቆ ማስመለስ ፈሳሹን ወደ ሳንባዋ ሊልከው ስለሚችል እጅግ አደገኛ ነው።

ያ ክር ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በዙሪያችን ያለው ፍርስራሽ ነው። ግንባታ በሚካሄድበት መሀል ከተማ ዶሮ የምትጭረው አፈር የተበጣጠሰ ማዳበሪያ፣ የሚስማር ስባሪ፣ የጠርሙስ ቁራጭና የተላጠ የግድግዳ ቀለም የተቀላቀለበት ነው። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ዶሮዋን ብቻ ሳይሆን እንቁላሏን የሚበላውንም ሕፃን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሰፈር የምንኖር ሰዎች ዶሯችን የምትጭርበትን ቦታ አጥረን፣ አፈሩን በእጃችን ለቅመን፣ ንጹሕ አፈርና አመድ ብንጨምርላት ከብዙ ጣጣ እንድናለን። አመዱ ቅንቅንና ቅማል ለማራገፍም ይረዳታል፤ ቀን በቆጡ እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ደሟን የሚመጥ ቅንቅን እንዳለ ግን ልብ ይሏል፤ አናቷ ያለ ምክንያት የነጣ ዶሮ ያለችው ሰው ማታ በባትሪ ቆጡን ይመርምር።

ስለ ቤት ውስጥ እንክብካቤ ከተነሣ፣ የመጀመሪያው ነገር ሙቀት ነው። የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ነው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በክረምት ሌሊት ብርዱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። የማትበላ ዶሮ ይህን ልዩነት የምትሸፍንበት አቅም የላትም። ሙቅ ውኃ የተሞላ ሀይላንድ በጨርቅ ጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ በአንድ ጎን ማስቀመጥ፣ ሲበርድም መቀየር በቂ ነው፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ቦታ ግን ይተውላት። ከሰል አቀጣጥሎ ዘግቶ ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም፤ የወፎች መተንፈሻ ከሳንባ አልፎ በአየር ከረጢቶች አማካይነት በመላ ሰውነታቸው የተዘረጋ ስለሆነ የከሰል ጭስ ከሰው ቀድሞ እነርሱን ይገድላል። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስም ካርቶኑን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ደግነት ነው።

ውኃ ደግሞ ከምግብ ይቀድማል። ተቅማጥ ላዳከማት ዶሮ ለሰው ልጆች ለተቅማጥ የሚሰጠው ለምለም የተባለው ዱቄት በትእዛዙ መሠረት ተበጥብጦ ለአጭር ጊዜ ቢሰጣት ይረዳታል። የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ከምላሷ ኋላ ስለሚገኝ ግን ምንቃሯን ፈልቅቆ መጋት ያንቃታል፤ በምንቃሯ ጎን ጠብታ አድርጎ ራሷ እስክትውጥ መጠበቅ ነው። ጨውና በርበሬ ያለበት የወጥ ትራፊ ይቅርባት፤ በየጭማቂ ቤቱ የሚጣለው የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬም ለወፎች መርዝ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። በሀገራችን ለታመመች ዶሮ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ እንዲያውም ካቲካላ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ከእነዚህ ጥቂቱ ጉዳት የሌለው ቢሆንም ሽንኩርት ሲበዛ የወፎችን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል፤ ካቲካላ በጉሮሮዋ ማፍሰስም ከጭካኔ አይለይም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ለሰው የተሠራ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ በግምት መስጠት ነው። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ይህ መድኃኒት አያድነውም። በባክቴሪያ በሚመጣ ሕመም ላይ እንኳ የእንቁላል ቅርፊትና የኖራ ድንጋይ ካለበት መኖ ጋር ሲሰጥ ካልሲየሙ መድኃኒቱን አስሮ ወደ ደሟ እንዳይገባ ያደርገዋል። ግማሽ ተወስዶ የቀረው ሕክምና ባክቴሪያውን ያለማምደዋል፤ የለመደው ባክቴሪያም ወደ ሰው መመለሱ አይቀርም። በሕክምና ላይ ያለች ዶሮ የጣለችውን እንቁላልም ሐኪሙ የወሰነው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ለልጆቻችን መስጠት የለብንም።

ብቸኝነቷስ? ዶሮ የመንጋ እንስሳ ናት። በመንጋ ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን በየትኛው ቆጥ ላይ እንደሚያድር የታወቀ ሥርዓት አላቸው፤ ይህን ያጣች ዶሮ ሰውን መንጋዋ ታደርጋለች። ታማ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ስትዘጋባት ምግብ የምታቆመው በሕመሙ ብቻ አይመስለኝም። ድምፅ በምትሰማበት፣ ሰው በሚመላለስበት ክፍል ጥግ ላይ ካርቶኗን ማስቀመጥ፣ ምግቧንም አጠገቧ ተቀምጦ በጣት እየጫሩ ማሳየት እንድትበላ ያደርጋታል፤ እኔ ዘንድ ሠርቷል። ጎረቤቶቼ «እትዬ፣ ጓደኛ ይገዛላት» ይሉኛል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ጊዜው ግን መመረጥ አለበት። ከየአቅጣጫው የመጡ ዶሮዎች በአንድ ላይ ከሚታጨቁበት የበዓል ገበያ የተገዛች ዶሮን በቀጥታ ከታመመች ዶሮ ጋር ማገናኘት ለሁለቱም አይበጅም። የታመመችው እስክትድን መጠበቅ፣ አዲሷንም ቢያንስ ለሦስትና ለአራት ሳምንታት ለብቻዋ አቆይቶ፣ መጀመሪያ በወንፊት ሽቦ እንዲተያዩ አድርጎ ማቀላቀል ይሻላል። የዳነችው እንኳ ደካማ ከሆነች አዲሷ ልትነቁራት ስለምትችል በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል።

ለፈንግል መፍትሔው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ ደግሞ ከሩቅ አገር የሚጠበቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመውና ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ችግሩ ሌላ ነው። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አንዴ ከተበጠበጠ በኋላ ማለቅ ያለበት በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። አንዲት ዶሮ ያለችው ሰው ጠርሙሱን ገዝቶ አንዲት ጠብታ ተጠቅሞ ሌላውን ሊደፋው ነው። በዚህ ላይ ከቧንቧ የሚቀዳው ውኃችን ክሎሪን ስላለበት፣ ላሶታ የተባለውን ክትባት እንደ ገጠሩ በሚጠጣ ውኃ ልስጥ ያለ ሰው ሳያውቅ ክትባቱን ይገድለዋል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሳናስከትብ እንቀራለን፤ በሽታው በአብዛኛው ዝናብ ሲጀምር ብቅ ሲል ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል።

ስለሆነም የከተማ ግብርና ሥራን የሚመሩ ኃላፊዎችን በአክብሮት የምጠይቀው ይህንን ነው። በየወረዳው፣ የሚቻል ከሆነ ከክረምቱ መግቢያ በፊትና ከዚያም በየጥቂት ወሩ፣ የዶሮ ክትባት የሚሰጥበት ቀን አስቀድሞ ይነገረን። አንድ ባለሙያ አንድ ጠርሙስ ይዞ በአንድ ጥዋት የመንደሩን ዶሮዎች ሁሉ በዓይን ጠብታ ሊከትብ ይችላል፤ እኛም ወጪውን በጋራ ለመክፈል ዝግጁ ነን። ዶሮዎቹም ከተለያየ ግቢ መጥተው በአንድ ቦታ እንዳይገናኙ ባለሙያው በየቤቱ ቢዞር ይመረጣል። ቄብ ዶሮ ለቤተሰብ ሲሰጥም የክትባት ጊዜዋንና ስትታመም ወዴት መሄድ እንደሚገባ የሚገልጽ አንድ ወረቀት አብሮ ቢሰጥ ከባድ ነገር አይመስለኝም።

የግል የእንስሳት ክሊኒክ ያላችሁ ሐኪሞችም ዶሮን ከበራችሁ አትመልሱ። ሕክምናዋ የሚጠይቀውን ዋጋ ንገሩን፤ እንክፈል ወይም አንክፈል የሚለውን እኛ እንወስን። አድናችሁ የማትመልሷት ከሆነችም ሥቃይ ሳይበዛባት የምታርፍበትን መንገድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የሞተችውን ዶሮ ጉድጓድ የምንቆፍርበት ግቢ የሌለን ሰዎች ደግሞ ቦይ ውስጥ ከመጣል ውጭ ምን ማድረግ እንዳለብን ብትመሩን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ ከአንባቢዎቻችሁ መካከል የዶሮ በሽታ ሐኪሞች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። ከመካከላቸው ፈቃደኛ የሆነ ሰው በቤት ስለሚያዙ ጥቂት ዶሮዎች በቋሚነት እንዲጽፍ ብትጋብዙልኝ፣ የክትባት ቀን በሚወሰንበት ጊዜም ማስታወቂያውን በጋዜጣችሁ ብታወጡልን ከፍ ያለ ምስጋናዬን አስቀድሜ አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች መምህርት
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ